የጥናት ሰዓት

የነርስነት ተማሪዎቼ «ሲስተር፣ በቀን ስንት ሰዓት እናጥና?» ሲሉኝ ወደ ኋላ እወስዳቸዋለሁ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን፣ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ሥልጠናው አንድ ዓመት ነበር፤ ዕውቀቱ በአብዛኛው ከታማሚው አልጋ አጠገብ የሚቀሰም፣ የቀኑ ውሎም በማስታወሻ የሚሰፍር ነበር።

እኔ በተማሪነቴ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የአጥንት ስሞችን ስሸመድድ የታማሚ ሙቀት የምለካበት ሰዓት አለፈኝ። ኃላፊዋ ደብተሬን ዘግታ «መጀመሪያ ታማሚውን አንብቢ» አለችኝ።

መልሴ ይኸው ነው፦ በየማታው ሁለት ሰዓት ያህል አጥኑ፤ ግን ቀን የተንከባከባችሁትን ሰው እያሰባችሁ።