የጉንተር ጊዮም ክሕደትና የመራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት ከሥልጣን መውረድ ታሪክ

የጀርመን ሕዝብ ለሁለት መንግሥት ተከፍሎ በነበረበት ዘመን፣ በ1962 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969፣ ቪሊ ብራንት የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ሆኑ። እሳቸውም ናዚን ሸሽተው በኖርዌይና በስዊድን በስደት የኖሩ፣ ኋላም የምዕራብ በርሊን ከንቲባ ሳሉ የበርሊን ግንብ ሲሠራ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የተለያየውን ሕዝብ ለማቀራረብ ቆርጠው ተነሡ። ዋርሶ ወርደው በናዚ እጅ ላለቁት አይሁድ በቆመው መታሰቢያ ፊት ተንበረከኩ፤ በ1964 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው።

አሁን ደግሞ የሰላዩን ነገር እንናገር። በ1948 ዓ.ም. ጉንተር ጊዮም የሚባል የበርሊን ተወላጅ ከሚስቱ ከክሪስቴል ጋር ስደተኛ መስሎ ወደ ምዕራብ ገባና በፍራንክፈርት ተቀመጠ። የላከው ግን የምሥራቅ ጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት ስታዚ ነበር። በዓመቱም የብራንት ፓርቲ የሆነው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ሆነ። ሥራ የማይሰለቸው፣ የታዘዘውን ሳያጓድል የሚፈጽም ሰው ስለ ነበረ ከፍ ከፍ አለ፤ የከተማው ምክር ቤት አባልም ሆነ። የሚኒስትሩን የጌኦርግ ሌበርን የምርጫ ዘመቻ መርቶ ድል ቢሆንላቸው፣ ሌበር ለመራሔ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት አጩት።

ያን ጊዜ ስለ ሰውየው ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። የብራንት አማካሪ ኤጎን ባር በጎ ግምት ቢኖርም እንኳ ስጋቱ እንደማይጠፋ በጽሑፍ አሳሰቡ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ሆርስት ኤምከ አስጠርተው ቢጠይቁት ካደ፤ ክሕደቱም ታመነለት። በጥር 1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1965 ዓ.ም. ለፓርቲ ጉዳይ የብራንት የግል ረዳት ሆነ። ብራንት በባቡር አገር ለአገር ሲዞሩ ጉዞውን የሚያሰናዳ፣ ወረቀቱን የሚያቀርብ እርሱ ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠውም እንዲህ ነው። በ1965 ዓ.ም. አንድ የምዕራቡ ፀረ ስለላ ሠራተኛ የቆዩ የስለላ መዝገቦችን ሲመረምር የጊዮም ስም በሦስት ጉዳዮች ተጠቅሶ አገኘ። ስታዚ ቀድሞ ለሰላዮቹ በራዲዮ ያስተላለፋቸው፣ ተጠልፈው የተፈቱ ምሥጢራዊ መልእክቶችም ነበሩ፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ የመልካም ልደት ምኞት ነበሩ። ቀኖቹ ቢመሳከሩ አንዱ ከጊዮም ልደት፣ ሌላው ከሚስቱ ልደት ገጠመ። በ1949 ዓ.ም. ስለ አንድ ወንድ ልጅ መወለድ የተላከው የደስታ መግለጫም ልጃቸው ከተወለደበት ወራት ጋር ተስማማ። ለሰላዩ ደስታ የተላከ ቃል ማጋለጫው ሆነ።

ግንቦት 21 ቀን 1965 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጌንሸር ነገሩን ለብራንት ነገሯቸው። የፀረ ስለላው ኃላፊ ኖላው ግን ማስረጃ እስኪሞላ ሰውየው ከቦታው እንዳይነሣ መክረው ነበርና፣ ብራንት ምክሩን ተቀበሉ። በዚያው ክረምት ወደ ኖርዌይ ለዕረፍት ሲሄዱ ጊዮም ከነቤተሰቡ ተከተላቸው። ከመንግሥቱ መቀመጫ ከቦን የሚመጣውን የቴሌክስ መልእክት የሚቀበለውም እርሱ ሆነ፤ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የመጣ ደብዳቤ ሳይቀር በእጁ አለፈ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ አበው፣ መጠርጠሩ ከታወቀ በኋላ የመንግሥትን ምሥጢር በእጁ መተው ታላቅ በደል ነበር። ሹማምንቱ ሰላዩን ለማጥመድ ሲሉ መሪያቸውን ለአደጋ አጋለጡ።

ረቡዕ ሚያዝያ 16 ቀን 1966 ዓ.ም. ማለዳ ፖሊሶች ቤቱን አንኳኩ። ጊዮም የቤት ካፖርት እንደ ደረበ ከፈተላቸው፤ ሳይጠየቅም የምሥራቅ ጀርመን ዜጋና መኮንን መሆኑን፣ ይህም እንዲከበርለት ተናገረ። ማስረጃው ገና የሳሳ ስለ ነበር ይህ ቃሉ ለከሳሾቹ ዋና መያዣ ሆነ። ብራንትም በዚያ ቀን ከግብፅ ሲመለሱ ወሬውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰሙ። ስለ ግል ሕይወታቸውም ሐሜት ተሰብስቦ ቀረበ፤ ከፓርቲያቸው ታላላቆች ጋር ከተመካከሩ በኋላ ሚያዝያ 28 ቀን ኃላፊነቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ሥልጣን ለቀቁ። በእሳቸውም ቦታ ሄልሙት ሽሚት ተተኩ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1968 ዓ.ም. የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት በጊዮም ላይ 13 ዓመት፣ በክሪስቴል ላይ 8 ዓመት እስራት ፈረደ። በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ ጊዮም በእስረኛ ልውውጥ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ፤ በዚያም ኒሻን ተሸለመ። የስለላው አለቃ ማርኩስ ቮልፍ ግን ኋላ የብራንት መውረድ ለምሥራቁም ትልቅ ጥፋት እንደ ነበረ መሰከረ። ለእርቅ እጁን የዘረጋላቸውን ሰው በገዛ ሰላያቸው ጥለውታልና።

ከዚህ ታሪክ ሹማምንት ሁሉ ይማሩ። ሰላዩ የተላከበትን ፈጸመ፤ ስጋቱን ያወቁት ሹማምንት ግን የመጠበቅ ግዴታቸውን አጓደሉ። ብራንት የሌሎቹን ጥፋት ጭምር ተሸክመው ወረዱ፤ ክብራቸው ግን አልወረደም። ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. የበርሊን ግንብ ሲከፈት በሕይወት ቆይተው የደከሙለትን አዩ፤ ጊዮምን የላከው መንግሥት ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ፈረሰ።