ዜጎች በመረጡት አካባቢ የመኖር መብትና የክልሎች ሥልጣን ወሰን

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የነቀምቴ ከተማ ወደ ቡሬ፣ ወደ በደሌና በጊምቢ በኩል ወደ አሶሳ የሚያመሩ መንገዶች መገናኛ ናት። በዚህም ምክንያት ቡርቃ ጃቶን በመሳሰሉ የከተማዋ አካባቢዎች ከሌላ ወረዳ ወይም ክልል የመጣ ሰው በነዋሪነት ለመመዝገብ ሲያመለክት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አመልካቹ በተለምዶ የሚጠየቀው ከቀድሞ ቀበሌው የተጻፈ መሸኛ ነው።

ይህ የዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ ቢመስልም ከበስተጀርባው በርካታ ፌዴራላዊ አገሮችን ያከራከረ ጥያቄ አለ። ይኸውም አንድ ሰው በአንድ አካባቢ ሊኖር ይችላል ወይም አይችልም ብሎ የመወሰን ሥልጣን የማዕከላዊው መንግሥት ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው።

የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌዎች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጎችን በሚመለከት ግልጽ መልስ ሰጥቷል። በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 17 እና 18 መሠረት ዜግነትን፣ ኢሚግሬሽንን፣ ፓስፖርትን፣ ወደ አገር መግባትንና መውጣትን እንዲሁም ስደተኞችን የሚመለከቱ ጉዳዮች የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ናቸው። የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 እና የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የወጡትም በዚሁ ሥልጣን ነው። በመሆኑም ማንኛውም ክልል የራሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ማውጣት አይችልም።

የኢትዮጵያውያንን የአገር ውስጥ ዝውውር በሚመለከት ደግሞ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወይም በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ የሚገኝ የውጭ ዜጋ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

በሌላ በኩል መሬትን የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣን በአንቀጽ 52 ለክልሎች ተሰጥቷል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የኦሮሚያ ክልል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የክልሉ የበላይ ሥልጣን ባለቤት የኦሮሞ ሕዝብ መሆኑን ይገልጻል። የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 2 በክልሉ ለሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦች እውቅና ሰጥቶ፣ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ባለቤቶች መሆናቸውን ይጠቅሳል። ውዝግብ ሲነሳ የሚታየው የክልል የመሬት አስተዳደርና የባለቤትነት ድንጋጌ ከዜጎች የመኖር መብት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምርጫ ክርክር

ለጉዳዩ ሕጋዊ እልባት ከሰጡ ውሳኔዎች መካከል ቀዳሚው ከወለጋ ጋር ከሚዋሰነው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመነጨ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ነዋሪዎች በዕጩነት እንዳይቀርቡ ተደረገ። እገዳው የተመሠረተው በወቅቱ ሥራ ላይ በነበረው የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 111/1987 አንቀጽ 38 ላይ ሲሆን፣ አቤቱታ አቅራቢዎቹ የመመረጥ መብታቸው ተጥሷል በማለት ጉዳዩን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረቡ።

ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የቋንቋ መስፈርቱ በራሱ ሕገ መንግሥቱን እንደማይቃረን ገልጿል። ሆኖም ከዕጩ ሊጠየቅ የሚገባው የክልሉ ምክር ቤት የሥራ ቋንቋ እውቀት እንጂ የአካባቢው ብሔረሰብ ቋንቋ አለመሆኑን በመወሰን፣ በዕጩዎቹ ላይ የተላለፈው እገዳ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን አረጋግጧል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ውሳኔው ለነዋሪዎቹ በሩን የከፈተ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 532/1999፣ መስፈርቱን ከሥራ ቋንቋ ጋር አያይዞታል።

ይሁን እንጂ ውሳኔው የተሰጠው ምርጫው ከተካሄደ ወደ ሦስት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። የምክር ቤቶች የሥራ ዘመን አምስት ዓመት በመሆኑ አቤቱታ አቅራቢዎቹ መብታቸው ቢረጋገጥላቸውም በዚያ ምርጫ ሊጠቀሙበት አልቻሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 83 ምክር ቤቱ ከሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚቀርብለትን ጉዳይ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲወስን የሚያዝዘው በእንዲህ ዓይነት ጉዳዮች መዘግየት መብትን ዋጋ ስለሚያሳጣ ነው።

በወለጋና በአጎራባች አካባቢዎች

የወለጋ ምድር የሰፋሪዎች መዳረሻ ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ሳቢያ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍሩ፣ በወቅቱ አሶሳን ይጨምር የነበረው የወለጋ ክፍለ ሀገር ብዛት ያላቸውን ተቀብሏል። በኋላም በራሳቸው ፈቃድ የመጡ በርካታ አርሶ አደሮች በጊዳ ኪረሙና በአካባቢው ሰፍረዋል።

በ1993 ዓ.ም. በጊዳ ኪረሙ በተነሳ ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ተፈናቅለው ወደ ቡሬ ማምራታቸው ይታወሳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ሰፈራ በየክልሉ ውስጥ ብቻ እንዲካሄድ የሚል መርህ ተከትሏል። በዚህ መሠረት ከሐረርጌ የመጡ አርሶ አደሮች በወለጋና በኢሉባቦር ሰፍረዋል። መርሁ በክልሎች መካከል ሊነሳ የሚችለውን የመሬት ውዝግብ ለመቀነስ የታለመ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ከክልላቸው ውጪ የሰፈሩትን ዜጎች ሁኔታ ግን አልፈታም።

በ2005 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን፣ በያሶ ወረዳ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ተደርጓል። የክልሉ አስተዳደር ድርጊቱ ስህተት መሆኑን በማመን ተፈናቃዮቹ እንዲመለሱ ወስኗል፤ በድርጊቱ የተሳተፉ አመራሮችም ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን አመራሮች በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ የሸሹ ሲሆን፣ ነቀምቴም ከተጠለሉባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በአንዱ ዘመን አፈናቃይ ተብሎ የተወቀሰ አካባቢ በሌላው ዘመን የተፈናቃዮች መጠለያ መሆኑ መብቱ የአንድ ወገን ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል።

የአሜሪካ ተሞክሮ

በዩናይትድ ስቴትስ የካሊፎርኒያ ግዛት ከሌላ ግዛት ድሃ ሰው ማምጣትን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ ነበረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. ኤድዋርድስ በተባለው መዝገብ ሕጉን ሽሯል። አንድ ግዛት በሩን በመዝጋት የጋራውን ችግር ለጎረቤቶቹ ሊያሸክም እንደማይችል የውሳኔው ይዘት ያስገነዝባል።

የውጭ ዜጎችን በሚመለከት ደግሞ የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የራሱን የኢሚግሬሽን ማስከበሪያ ሕግ አውጥቶ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ባቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2012 ዓ.ም. በክርክር ላይ ከነበሩት አራት ድንጋጌዎች ሦስቱን ውድቅ ሲያደርግ፣ ፖሊስ ያስቆማቸውን ሰዎች የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲያጣራ የሚያዝዘውን በወቅቱ ባለበት ትቶታል። የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ያወጣው ተመሳሳይ ሕግም የሥልጣን ክርክሩን እንደገና ቀስቅሷል።

መሸኛና የነዋሪነት ምዝገባ

በኢትዮጵያ የመኖር መብት በተግባር የሚረጋገጠው ወይም የሚጓደለው በአብዛኛው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት ለመከራየትና የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ይቸገራል። መሸኛ የመጠየቅ አሠራር ድርብ ምዝገባን ለመከላከልና የነዋሪውን ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠቅም መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና የቀድሞ ቀበሌው በግጭት ምክንያት ለተዘጋበት ወይም ወደዚያ ቢመለስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ለሚወድቅ ተፈናቃይ መሸኛ አምጣ ማለት አትመዘገብም ከማለት አይለይም።

ለዚህ ሁኔታ ሕጉ መልስ አለው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአንቀጽ 13 ተፈናቃዮች እንዲመዘገቡና የማንነት ሰነድ እንዲያገኙ ያዛል። ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያቸው እንዲመለሱ መጠየቅን የመሰለ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ እንዳይደረግባቸውም በግልጽ ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆናቸው ድንጋጌው በየደረጃው ያለን አስፈጻሚ ያስገድዳል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የብሔር መረጃ የማይሰበስብ መሆኑም የማንነት ማረጋገጫን ከትውልድ ሐረግ ለመለየት ያግዛል።

ከላይ ከተዘረዘሩት ሕጎችና ውሳኔዎች መረዳት የሚቻለው ክልሎች መሬትን የማስተዳደር፣ ነዋሪን የመመዝገብና ጸጥታን የማስከበር ሙሉ ሥልጣን ያላቸው መሆኑን፣ ነገር ግን ይህ ሥልጣን የትኛው ኢትዮጵያዊ የት ይኑር ብሎ እስከመምረጥ የማይደርስ መሆኑን ነው። በያሶ እንደታየው የተሳሳተ ውሳኔ በኋላ ሊታረም ይችላል፤ በ1992ቱ የምርጫ ክርክር እንደታየው ግን ዘግይቶ የመጣ እርማት የባከነውን ጊዜ አይመልስም። በመሆኑም መብቱ በቅድሚያ መከበር ያለበት አመልካቹ ፊት ለፊት በሚያገኘው የመጀመሪያው ባለሙያ ዘንድ ነው።