የፍጥነት ወሰን በላስ ቬጋስ ዙሪያ ባሉ የገጠር መንገዶች

ከላስ ቬጋስ ወጣ ብለው በሚገኙት የክላርክ ካውንቲ መንገዶች የሚለጠፈው የፍጥነት ወሰን የስቴቱን ሕግና የመሐንዲሶችን ጥናት ይከተላል። ወሳኙ አካል ማን እንደሆነ የሚለየው በመንገዱ ባለቤትነት ነው።

ሥልጣን

የኔቫዳ ሕግ ከመንገዱ፣ ከአየሩና ከትራፊኩ ሁኔታ ጋር በማይመጣጠን ፍጥነት መንዳትን ይከለክላል፤ ጣሪያው በሰዓት 80 ማይል (129 ኪ.ሜ. ገደማ) ነው። በስቴት መንገዶች የኔቫዳ ትራንስፖርት መምሪያ፣ በካውንቲ መንገዶች ደግሞ 7 አባላት ያሉት የኮሚሽነሮች ቦርድ ይወስናል። ለምሳሌ ከጂን እስከ ጉድስፕሪንግስ ያለው የስቴት መንገድ 161 ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሳንዲ ቫሊ የሚቀጥለው የካውንቲው ነው።

ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደረገ ሙግት

ኔቫዳ እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከከተማ ውጭ በቁጥር የተደነገገ አጠቃላይ ወሰን አልነበራትም። በወቅቱ በነበረው የነዳጅ እጥረት ሳቢያ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 1974 በፈረሙት ሕግ 55 ማይል በመላ አገሪቱ ተደነገገ። በ1986 ስቴቱ በአውራ ጎዳና 80 ላይ በ3 ማይል ርቀት 70 ማይል የሚል ምልክት ተከለ፤ የፌዴራል ገንዘብ ወዲያው ስለታገደ ምልክቱ አልቆየም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1989 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኔቫዳ ላይ ፈረደ። ብሔራዊው ወሰን የተሻረው በኅዳር 1995 ነው።

የ85 በመቶው መለኪያ

መሐንዲሶች ሳይጨናነቁ የሚሄዱ መኪኖችን ፍጥነት ይለካሉ፤ ከመቶ አሽከርካሪዎች 85ቱ የማያልፉት ፍጥነት ለወሰኑ መነሻ ይሆናል። ቁጥሩ በ5 ማይል እርከን ይጠጋጋል።

የመለኪያው ምንጭ ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዴቪድ ሶሎሞን በ1964 በ11 ስቴቶች የገጠር ጎዳናዎች ላይ ያወጣው ጥናት ነው፤ ከአማካዩ እጅግ የዘገየም የፈጠነም አሽከርካሪ ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣል ይላል። ሆኖም መለኪያው ከጥናቱ በፊት በሥራ ላይ ስለነበር ሶሎሞን ደገፈው እንጂ አልፈጠረውም ማለት ይቀላል። ተቺዎች በበኩላቸው፣ ከአደጋ በፊት የነበረው ፍጥነት በግምት የተመዘገበ መሆኑንና ለመታጠፍ የቀነሱ መኪኖች «ዘገምተኛ» ተብለው መቆጠራቸውን ያነሳሉ። በታኅሣሥ 2023 የወጣው የፌዴራል የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ በከተማ የመለኪያውን ክብደት ቀንሷል፤ በገጠር አውራ ጎዳናዎች ግን በመሠረቱ አቆይቶታል።

ቅጣት

ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በኔቫዳ አብዛኛው ቀላል የትራፊክ ጥፋት በፍትሐ ብሔር ይታያል።

አቤቱታ

ወሰኑ ይቀነስልን የሚሉ ነዋሪዎች አስቀድመው የመንገዱን ባለቤት መለየት አለባቸው። ልኬቱ ሲካሄድ አሽከርካሪዎች ከተለጠፈው በላይ እንደሚነዱ ከታየ፣ ጥናቱ ወሰኑን ከመቀነስ ይልቅ ለመጨመር ምክንያት ሊሆን ይችላል።