ስለ ሰው ሠራሽ ጡትና ስለ ቅርፅ ጭንቀት

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ የዚህን ድርሰት ርእስ አይታችሁ ገጹን ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ስለ ጡት መናገር በአገራችን እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ እናቶቻችን ያሳደጉን በርሱ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሴቶች በካንሰር ምክንያት የሚያጡት እርሱን ነው። የማይነገር ነገር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ያልታወቀ ነገርም ከሚገባው በላይ ያስፈራል። ስለዚህ የሰው ልጅ የጠፋውን ወይም ያነሰውን ጡት በእጅ ሥራ ለመተካት እንዴት እንደ ደከመ፥ በዚህም ድካም ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ቅርፅ ስንት ጊዜ እንዳሳሳተው እንደ ታሪክ አድርጌ ልነግራችሁ አስባለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አገር ነው። ቪንሴንዝ ቼርኒ የሚባል የሃይደልበርግ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት ሴት ጡት ውስጥ እጢ ካወጣ በኋላ፥ ጎድጉዶ የቀረውን ስፍራ ከዚያችው ሴት ገላ ባወጣው የስብ እጢ ሞላው፤ ይህንንም በ1895 ጽፎ አሳተመ። የተጨመረው የገዛ ገላዋ ስለ ነበረ አሳቡ ብልህ አሳብ ነበረ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ድካም ነበረበትና ሌሎች ሰዎች አቋራጭ መንገድ ፈለጉ።

አቋራጩ ፓራፊን ሆነ፤ ይኸውም ሻማ የሚሠራበት ሰም ነው። በ1899 ገደማ ሮበርት ጌርሱኒ የሚባል የቪየና ሐኪም ፓራፊን አቅልጦ በመርፌ ወደ ሰው ገላ ማስገባት ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎች ጡትን በዚህ መንገድ ይሞሉ ጀመር። ቅርፁ በዚያው ቀን ያምር ነበረ። ሴትዮዋም መስተዋት ፊት ቆማ ትደሰት ነበረ፤ ሐኪሙም ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበረ። ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ግን ሰሙ እንደ ድንጋይ ይጓጉላል፤ ከተጨመረበት ስፍራ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ቆዳውም ቆስሎ ይፈነዳል። በደም ሥር ገብቶ ሳንባን የዘጋበትም ጊዜ አለ። ከጊዜ በኋላ ይህ ነገር ቢተውም ትምህርቱ ቶሎ አልገባም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓንና በአሜሪካ ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ ጡት ውስጥ ማስገባት ተጀመረና ያው መከራ ተመለሰ። በ1950ዎቹ ደግሞ ኢቫሎን የሚባል ስፖንጅ በቅርፅ እየተቆረጠ ይቀበር ነበረ፤ ሥጋ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየበቀለበት ስፖንጁ ተጨማድዶ ደረቀ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። በአሜሪካ፥ በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ ፍራንክ ጄሮውና ቶማስ ክሮኒን የሚባሉ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ። ጄሮው አንድ ቀን በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ ደም በእጁ ሲጨብጥ ልስላሴው ጡት መሰለውና አሳቡ ከዚያ መጣለት ይባላል። ከዳው ኮርኒንግ ኩባንያ ጋራ ሆነው የሲሊኮን ከረጢት አሠሩ፤ ውስጡንም ዝልግልግ በሆነ ሲሊኮን ሞሉት። ዛሬ ሐኪሞች ኢምፕላንት የሚሉት ይህን ነው። መጀመሪያ የሞከሩት ኤስሜራልዳ በምትባል ውሻ ላይ ነበረ። ውሻይቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስፌቱን በጥርስዋ ስለ በጣጠሰችው አወጡላት፤ እነርሱ ግን ሙከራው ሠምሯል አሉ። እኔ ብሆን የውሻይቱንም አሳብ በመዝገቡ ላይ እጽፍ ነበረ።

በ1962 ቲሚ ጂን ሊንድሲ የምትባል የስድስት ልጆች እናት፥ በጡትዋ ላይ የነበረውን የጽጌረዳ ንቅሳት ለማስጠፋት ጄፈርሰን ዴቪስ ወደሚባለው ሆስፒታል መጣች። የእኛ አያቶች በአንገታቸው ንቅሳት ሲያጌጡ፥ እርስዋ የራስዋን ልታስጠፋ መምጣትዋ የዓለምን ነገር ያሳያል። ሐኪሞቹም አዲሱን ከረጢት ትሞክር እንደ ሆነ ጠየቁአት። እርስዋን የሚያሳስባት ግን ጡትዋ ሳይሆን ወደ ውጭ የወጡት ጆሮዎችዋ ነበሩ። ጆሮዋንም ሊያስተካክሉላት ቃል ሲገቡ እሺ አለች። እንግዲህ የመጀመሪያይቱ ሴት ይህን ሥራ የተቀበለችው ለጆሮዋ ስትል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ያ የመጀመሪያው ከረጢት እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ቀጠን ከታች ሰፋ ያለ ነበረ። በስተኋላው ዳክሮን የሚባል ጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎበት ነበረ፤ የጨርቁም ጥቅም ከደረት ጋራ ተጣብቆ ከረጢቱ ከስፍራው እንዳይነቃነቅ ነው። ሠሪዎቹ ቅርፁን አንድ ጊዜ ተክለው በዚያው ሊያጸኑት አስበው ነበረ፤ ሰውነት ግን የራሱ አሠራር አለው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሳይንስ የምታስተምረን መምህርት፥ እሾህ ሲወጋን ሰውነት ማውጣት ቢችል በመግል ያወጣዋል፥ ባይችል ግን ግድግዳ ሠርቶ ያጥረዋል ትለን ነበረ። ከረጢቱም እንደዚሁ ነው። በተቀበረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሰውነት በዙሪያው የጠባሳ ሽፋን ይሠራበታል። ሽፋኑ ስስና ልል ሆኖ ከቀረ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ከረጢቱን በስፍራው ይይዘዋል። ነገር ግን የተቃጠለ እጅ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ጠባሳ የመኰማተር ጠባይ አለው። ሽፋኑ በተኰማተረ ጊዜ ከረጢቱን እንደ ጡጫ ይጨብጠዋል፤ ለስላሳ ነገርም ከሁሉ አቅጣጫ ሲጨበጥ ኳስ ይሆናልና፥ ጡቱ ይከብባል፥ ይደርቃል፥ ወደ ላይም ይሳባል። በ1975 ጄምስ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ድርቀት በአራት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ጡቱ ለስላሳ ነው፤ በሁለተኛው ሲነኩት ደረቅ ይላል እንጂ ለዓይን ደህና ነው፤ በሦስተኛው የቅርፁ መበላሸት በዓይን ይታያል፤ በአራተኛው ሕመም ይጨመርበታል። ሐኪሞች እስከ ዛሬ በዚህ ይጠቀማሉ።

በ1970ዎቹ አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ጉልበት ነው ብለው የደረቀውን ጡት በሁለት እጃቸው በኀይል እየጨመቁ ሽፋኑን ይሰነጥቁት ነበረ። ከረጢት እየፈነዳ፥ ደምም በውስጥ እየፈሰሰ ስላስቸገረ ይህ ልማድ ተተወ።

በዛሬው ሥራ ደግሞ ነገሩ ከፓራፊን ዘመን ተገልብጦ ይገኛል፤ ይኸውም በመጀመሪያ የሚታየው ቅርፅ ብዙ ጊዜ ደስ አያሰኝም። ከረጢቱ በደረት ጡንቻ ሥር ሲቀበር ጡንቻው እንግዳውን አልቀበልም ብሎ ይጠብቃል፥ ወደ ላይም ይገፋዋል። ቆዳው ገና አልተዘረጋም፤ የቀዶው እብጠትም አለ። ስለዚህ ጡቱ በላይ ሞልቶ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ጫፉም ወደ ታች ያዘነበለ ይመስላል። ሳምንታት ሲያልፉ እብጠቱ ይጐድላል፤ ጡንቻው ይላላል፤ የታችኛው ቆዳ ይዘረጋል፤ ከረጢቱም ቀስ እያለ ወደ ስፍራው ይወርዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሁለቱም ጡቶች በአንድ ቀን አይወርዱም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ይከተላል። ቀድሞም ቢሆን የማንም ሴት ሁለት ጡት ፈጽሞ እኩል አልነበረም፤ ከቀዶ በፊት ማንም በዓይኑ አልለካውም እንጂ።

ጡታቸውን በካንሰር ላጡ ሴቶች ሌላም መንገድ አለ። ቸዶሚር ራዶቫን የሚባል ሐኪም በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ ባዶ ከረጢት ከቆዳ ሥር ቀብሮ፥ በየጊዜው በመርፌ የጨው ውሃ እየጨመረ ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ መዘርጋትን አስረዳ። ቆዳው ሲበቃ የመጨረሻው ኢምፕላንት ይተካል። በዚያ መካከል ያለው ቅርፅ እንደ ቤት ሥራ እንጨት ነው፤ ለጊዜው የቆመ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገችኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በአሜሪካ ትኖራለች፤ በካንሰር አንድ ጡትዋን አጥታ በኢምፕላንት ተሠራላት። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ «እትዬ፥ የተሠራው ከሌላው በላይ ቆሞ ቀረ፤ እንደ ግማሽ ብርቱካን ነው። ሐኪሙን ልጠይቀው አፈርሁ። ከሞት ድኜ ስለ ቅርፅ ብጠይቅ አያመሰግንም ብሎ አይታዘበኝም ወይ?» የሚል ነበረ። ከቅርፁ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄዋ ነው።

እንዲህ ያለው ሐፍረት አዲስ አይደለም። በ1952 ቴሬዝ ላሰር የምትባል የኒው ዮርክ ሴት በካንሰር ምክንያት ጡትዋ ተቈረጠ። ምን ልልበስ፥ እጄን እንዴት ላንሣ፥ ባሌን ምን ልበለው ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት አጣች። ከዳነች በኋላ በየሆስፒታሉ እየሄደች አዲስ የተቈረጡትን ሴቶች ትጐበኝ ጀመር፤ የእጅ ማሠልጠኛ ኳስና ገመድ፥ በልብስ ውስጥ የሚቀመጥ ጊዜያዊ ጡትም ታመጣላቸው ነበረ። አንዳንድ ሐኪሞች ሥራችን ውስጥ ገባችብን ብለው ተቈጡ። እርስዋ ግን አልተወችም፤ በ1969 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥራዋን የራሱ አደረገው። በ1998 ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ወጣ፤ የጡት ቈረጣን ወጪ የሚከፍል መድን ድርጅት ጡቱን መልሶ ለመሥራት፥ ሌላውንም ጡት አስተካክሎ እኩል ለማድረግ ጭምር እንዲከፍል ያዝዛል። እንግዲህ ተማሪዬ ሊጠይቁት ያፈረችበት ነገር በሕግ የተጻፈ መብትዋ ነበረ። ይህንኑ ጻፍሁላት፤ የምታየውንም ከነቀኑ በወረቀት ጽፋ ለሐኪሙ እንድታሳይ መከርኋት።

እርሱም አየና ጡንቻው ገና አልላላም፥ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሽ አላት። በስድስተኛው ወር ወርዶ ነበረ፤ ፈጽሞ እኩል አልሆነም፤ እርስዋ ግን በቃኝ ብላ ሌላ ቀዶ አልፈለገችም።

ታገሡ ማለት ግን ዝም በሉ ማለት አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጉዳት የመጣው ሁለቱን አንድ በማድረግ ነው። አንዱ ጡት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት አብጦ ቢወጠርና ቢያም፥ በውስጡ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ቢቀላ፥ ቢግል፥ ትኩሳት ቢመጣ ቊስሉ መርቅዞ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ለነገ አይባሉም። ደህና የነበረው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እየደረቀና ወደ ላይ እየተሳበ ቢሄድ የጠባሳው ሽፋን መኰማተር ነው፤ በጨረር በታከመ ደረት ላይ ይህ ይበዛል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ውሃ ቋጥሮ ቢያብጥም መመርመር ይገባል፤ ሸካራ ቆዳ ባላቸው ከረጢቶች ዙሪያ አልፎ አልፎ የሚነሣ የሊምፍ ካንሰር መኖሩ ታውቋልና። ከዚህ የተነሣ በ2019 አለርጋን የሚባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ከረጢቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ።

የመንግሥታቱንና የኩባንያዎቹን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን በ1992 የሲሊኮን ከረጢትን ለጌጥ መጠቀምን ከለከለ፤ በ2006 እንደ ገና ፈቀደ። በመካከሉ በ1999 የሊቃውንት ጉባኤ መርምሮ፥ ከረጢቱ መላውን ሰውነት የሚያውክ በሽታ ያመጣል ለማለት ማስረጃ አላገኘንም፥ ዋናው ችግር በዚያው በጡቱ ላይ የሚደርሰው መድረቅ፥ መቀደድና ዳግመኛ ቀዶ ነው አለ። በፈረንሳይ ደግሞ ፒፕ የሚባል ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን በከረጢት ሲሞላ በ2010 ተያዘ፤ መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ በ2013 በእስራት ተቀጣ። ከሁሉም ይልቅ ወጣት ሴቶች ሊሰሙት የሚገባው፥ ይህ ከረጢት ለዕድሜ ልክ የሚሆን ዕቃ አለመሆኑን ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላት የምታስገባው ልጅ በሕይወትዋ ዘመን አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ዳግመኛ ቀዶ ይጠብቃት ይሆናል፤ ይህን ሳይነግራት ፎቶግራፍ ብቻ የሚያሳያት ሐኪም እንደ ሰም ሻጮቹ ነው።

ቲሚ ጂን ሊንድሲ በ2012 ሰማንያ ዓመት ሲሆናት ጋዜጠኞች ጠየቁአት። ከ50 ዓመት በፊት የገቡት ከረጢቶች አሁንም በገላዋ ውስጥ ነበሩ። እንደ ተተከሉ በዚያው ቀጥ ብለው የሚኖሩ መስሎአት እንደ ነበረ፥ ነገር ግን እንደ ማንኛዋም አሮጊት ጡት ከዓመት ወደ ዓመት እየወረዱ መሄዳቸው እንዳስገረማት ተናገረች።