የአባቴ ሜዳይ

አባቴ እጁን ያነሣብኝ በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በ1968 ዓ.ም.። ከሣጥን ሥር በሻሽ ተጠቅልሎ ያገኘሁትን የነሐስ ሜዳይ ደረቴ ላይ ሰክቼ ለሰፈር ልጆች ላሳይ ስወጣ በሩ ላይ ያዘኝና በጥፊ መታኝ። ወዲያው ደግሞ አቀፈኝ።

ሜዳዩ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ፊቱ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ አለ፤ ጥብጣቡ 17 ሰማያዊና ነጭ መስመሮች አሉት። የጀርባው ጽሑፍ አማርኛ ነው፤ የድርጅቱን ቻርተር መርሆዎች ለመከላከል ለተፈጸመ አገልግሎት የተሰጠ መሆኑን ይገልጻል። ድርጅቱ ሜዳዩን ያቋቋመው በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ በልዩ ልዩ የዘማች አገሮች ቋንቋ አስቀርጾታል። አባቴ «ኒሻን» ሲሉት ይቆጣ ነበር። «ኒሻን የመኳንንት ነው። ይኼ እዚያ ለነበረ ሁሉ የተሰጠ ነው» ይላል።

እርሱ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘመተ። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ከጂቡቲ በመርከብ ተነሥተው ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ገቡ፤ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፉ። የዘመቻው ምክንያት ሥሩ ጄኔቭ ነው። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. አቤት ብለው ሰሚ አጥተው ነበርና፣ ለተጠቃ አገር በኅብረት መድረስ እንደሚቻል በራሳቸው ወታደሮች ማሳየት ፈለጉ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። አባቴ ግን ስለ ውጊያው ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ ብርዱ ነበር፤ ጠመንጃ በባዶ እጅ ሲነካ ቆዳ ይዞ እንደሚቀር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ ከአዛዡ ከጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ ጋር በተነሣ ጊዜ አባቴም በዚያ ጦር ውስጥ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ ከሥራው ተሰናበተ። ሜዳዩ መጀመሪያ ሣጥን የገባው ያኔ ነው። ኋላ ደርግ መጣ፤ ከሰሜን ኮሪያም ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ትናንት ጀግና የተባለበት ዘመቻ «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ» የሚያሰኝ ሆነ። እናቴ ሻሹን የጠቀለለችው ስለዚህ ነበር፤ ጥፊውም የፍርሃት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ ተሠርቶ ሲመረቅ አባቴ በቸርችል ጎዳና ማለፍ ተወ። ሥራው ፒያሳ ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። መንገዱን ስለ ምን እንደለወጠ ጠይቄው «ዳገቱ ደከመኝ» አለኝ። አዲሱ መንገድ ግን ከፊተኛው የባሰ ዳገት ነበረው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሜዳዩ ከሣጥን ወጣ። መርፌው ዝጎ ስለነበር እናቴ ኮቱ ላይ በክር ሰፋችለት። አንድ ቀን የዘማቾቹን ታሪክ ሊጠይቅ የመጣ ወጣት ደቡብ ኮሪያዊ ሜዳዩን ገልብጦ ጀርባው ምን እንደሚል ጠየቀ። አባቴ መነጽሩን አጥቦ በአማርኛ አነበበለት፤ አስተርጓሚው ሊጀምር ሲል «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» አለ።