የእባብ አከርካሪና የቋሚ ፈንድ ታሪክ

የእንሽላሊትና የእባብ የዝግመተ ለውጥ ታሪክ የሚነበበው ከትናንሽ አጥንቶች ነው። የራስ ቅላቸው በላላ መጋጠሚያ የተያያዘ በመሆኑ ከሞት በኋላ ይበታተናል፤ ዘመናትን ተሻግሮ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የመንጋጋ ስባሪ ወይም አንዲት የአከርካሪ አጥንት ናት። የእርሷም ማንነት የሚለየው ዛሬ በሕይወት ካሉ ዝርያዎች አጽም ጋር ስትነጻጸር ነው። ስለዚህ የአንድ አገር የቅሪተ አካል መዝገብ ከድንጋዮቿ ዕድሜ ባልተናነሰ በተቋማቷ ጥንካሬ ይወሰናል።

የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ለዚህ ምስክር ነው። በሃዋይ ስኳር ከከበረ ቤተሰብ የተወለዱትና ወጣትነታቸውን በኦክላንድ ያሳለፉት አኒ አሌክሳንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የአከርካሪ እንስሳት ሙዚየም፣ በ1921 ደግሞ የፓሊዮንቶሎጂ ሙዚየም በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋሙ ገንዘብ ሰጡ። አንደኛው የዛሬዎቹን እንስሳት አጽም፣ ሁለተኛው የጥንቶቹን አጥንት ያዘ።

ፍሬው ብዙ አልዘገየም። የበርክሌዩ ቻርልስ ካምፕ በ1923 ያሳተሙት የእንሽላሊቶች ምደባ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘርፉ መሠረት ሆነ። በ1942 ደግሞ ከሳን ሆዜ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከሚገኙት የፓኖቼ ኮረብታዎች የወጡትን ሞሳሰሮች ገለጹ። እነዚህ እግራቸው ወደ መቅዘፊያ የተለወጠ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር የጠፉ የእንሽላሊትና የእባብ ዘመዶች ናቸው። ከ2000 ወዲህ የዘረመል ጥናቶች የእስስትን ወገን ወደ እባብና ወደ አርጃኖ በማቅረብ በአጥንት ላይ የተመሠረተውን የዘር ሐረግ ተገዳደሩ። ናሙናዎቹ በመሳቢያ ተጠብቀው ስለ ቆዩ ክርክሩ ዛሬም በማስረጃ ሊካሄድ ይችላል።

በርክሌይ ከኢትዮጵያ ጋርም የቆየ ትስስር አለው። በ1999 ተመራማሪዎቹ ከዓባይ ተፋሰስ፣ ከጁራሲክ ዘመን ማብቂያ ደለል ውስጥ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ዘመዶችና የዳይኖሰር ቅሪቶችን ይፋ አደረጉ። በአፋር አራሚስ ከ150,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪቶች ተሰበሰቡ። ከ4.4 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አርዲፒቴከስ ይኖርበት የነበረው አካባቢ ዛፍ የበዛበት እንደ ነበር ለማሳየት የወፎችና የአይጥ መሰል እንስሳት ትናንሽ አጥንቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከምርምሩ መሪዎች አንዱ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በበርክሌይ ነው።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ዝና የተገነባው በሰው ዘር ቅሪቶች ላይ ነው፤ ገንዘቡም ዝናውን ይከተላል። የመስክ ዘመቻ በባሕርዩ ጊዜያዊ ነው። በ1982 መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎችን የመስክ ሥራ ለዓመታት ሲያግድ ይህ በግልጽ ታይቷል። ከዘመቻ በኋላ የሚቀረው አጥንት የሚለይ ባለሙያ፣ የማነጻጸሪያ አጽምና ደመወዝ የሚከፍል ቋሚ ፈንድ ነው።

የአሌክሳንደር መንገድ ያለ ችግር አይደለም፤ የአንድ ባለጸጋ ምርጫ የአንድ ትውልድ ጥያቄ ይሆናል። ብዙ ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ የሚሞሉት፣ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የሚመራ ፈንድ ግን ይህን ጉድለት ሊያቃልል ይችላል። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ለድንገተኛ ችግር መዋጮ ልማዱ ነው፤ ያንኑ ልማድ ወደ ዓመታዊና ቋሚ መዋጮ መለወጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ወጪ የአርጃኖን፣ የእስስትንና የዘንዶን አጽም በአዲስ አበባ በሥርዓት ማኖርና ለጠባቂያቸው ደመወዝ መክፈል ሊሆን ይገባል። ያለ እነርሱ ነገ ከዓባይ ሸለቆ የምትወጣ አንዲት የአከርካሪ አጥንት ስም አልባ ሆና ትቀራለች።