«እነዚህ የሚያዩት ማንን ነው?»

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

አምና በወላጆች በዓል የባህል ክበባችን ልጆች እስክስታ አሳዩ። ልብሱ አንድ ዓይነት፣ እንቅስቃሴው በቁጥር የተለካ፣ ሁሉም ከዩቲዩብ የተጠና። ጭብጨባው ቀለጠ። አጠገቤ የተቀመጡት የአንዷ ተማሪ አያት ግን ዝም ብለው አይተው ሲያበቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ የየት አገር ጨዋታ ነው?» አሉኝ።

«የኛው ነዋ እማማ!»

«እኛማ ፊት ለፊት እየተያየን ነበር የምንጫወት። እነዚህ የሚያዩት ማንን ነው?»

ክበቡን የማስተባብረው እኔ ነኝ፤ ያውም የታሪክ መምህር። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ግን ታሪክ አለው። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ አፋፍ ላይ ነበርን፤ ዘፈኑም ሽለላው ቀረርቶውም ሕዝብ መቀስቀሻ ሆነ። ማኅበሩ በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ቀጠለ። በደርግ ዘመን ኪነት እስከ ቀበሌ ወረደ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስንቱን ዘፈንና ጭፈራ ለአገር አስተዋወቁ። አልወቅሳቸውም፣ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን መድረክ ሲመጣ፣ በሠርጉ ቤት አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲቀበል የነበረው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨብጫቢ ሆነ።

አሁን ወደ ሐንጋሪ ልውሰዳችሁ። ምን አገናኘው እንዳትሉ፣ ያገናኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ጊዮርጊ ማርቲን የተባለ የጭፈራ ተመራማሪና ባሊንት ሻሮሺ የተባለ የሙዚቃ አጥኚ አገራችን መጥተው የየአካባቢውን ጭፈራና ዜማ አጠኑ። ማርቲን ስለ ጭፈራ ዓይነቶቻችን የጻፈው ጥናት በ1967 ታተመ። ይኸው ሰው አገሩ ውስጥም የገበሬውን ጭፈራ በፊልም እየቀረጸ የሚሰበስብ ነበር። እነሱም ዘንድ ችግሩ ያው ነው፤ የመንግሥት የጭፈራ ቡድን፣ አንድ ዓይነት ልብስ፣ የተለካ እርምጃ።

በ1972 ግንቦት ወር ላይ ቡዳፔስት ውስጥ ወጣት ተወዛዋዦች ተሰብስበው ያለ ተመልካች ለራሳቸው ጨፈሩ። ሐሳቡንም ስሙንም ያገኙት ትራንሲልቫኒያ ውስጥ ካለች ሴክ ከምትባል መንደር ነው። እዚያ ወጣቶች ቤት ተከራይተው ይጨፍሩ ነበር፤ «የጭፈራ ቤት» ይሉታል። (የኛን ጭፈራ ቤት እንዳታስቡ እንግዲህ!) ብዙም ሳይቆይ ሙዚቀኞቹ ሼቦና ሐልሞሽ እየተጫወቱ፣ ቲማር የተባለው የውዝዋዜ አሠልጣኝ እያስተማረ፣ በሩ ለማንም ተከፈተ። የማርቲን ፊልምና ዕውቀት ዋና ስንቃቸው ነበር። ዩኔስኮ በ2011 በመልካም ተሞክሮነት መዘገበው። ልብ በሉ፣ የተመዘገበው ጭፈራው አይደለም፤ የማስተማሪያ ዘዴው ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኛን ጭፈራ ያጠና ሰው አገሩ ገብቶ ወገኖቹን እንዲያስጨፍር ረዳ፤ እኔ ግን ልጆቹን ለመድረክ አሰልፋለሁ።

አራት ተማሪዎች ይዤ አያትየው ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ገና ሳይቀመጡ ስልክ አወጡ። «እሱን አስቀምጡና ግቡ» አሏቸው። መቅረጹን አልጠላውም፣ ማርቲንም ባይቀርጽ ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። የዚያን ቀን ግን ስልኩ ኪስ ገባ። ከበሮውን ጎረቤታቸው መታችልን። እማማ አንዷን ልጅ ትከሻዋን ይዘው፣ «አትቁጠሪ፣ እኔን እዪኝ» አሏት። ልጅቷ መጀመሪያ አፈረች፣ ኋላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ትከሻዋ ተፈታ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር እንገናኛለን። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ልጆችና ስድስት እናቶች መጡ። ወንበር አናወጣም። ከተማ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ብቅ በሉ፤ ከበሮ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ የኛ አንድ ብቻ ነው።

እኔ? እማማ እንዳሉት ከሆነ «መምህሩ ገና ጠመኔ እንደያዘ ነው የሚጫወት»።